ሐኪሙ አንጎልን ሳይነካ በኮምፒዩተር ሲለማመድ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የሰው ልጅ ልብ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። በእያንዳንዱ ምት ከሚረጨው ደም ጥቂት የማይባለው ወደ አንጎል ይወጣል። አንጎል ክብደቱ ከመላው አካል 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ይህን ስንቅ የሚያደርሱለት ደም ቅዳ ሥሮች ስፋታቸው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከነዚህ ቀጫጭን ሥሮች የአንዱ ግድግዳ ሳስቶ ቢያብጥ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው እብጠቱ ለዓመታት አብሮት ሊኖር ይችላል። የፈነዳ እንደሆነ ግን አደጋው እጅግ ከባድ ነው።

ሐኪሞች እብጠቱ ሳይፈነዳ እንዲመክን ከሚያደርጉባቸው መንገዶች አንዱ፣ «ስቴንት» የተባለ ከቀጫጭን ሽቦዎች የተጎነጎነ ቱቦ በደም ሥሩ ውስጥ መዘርጋት ነው። ልብስ ሰፊ ልኩን ቢስት ሌላ ጨርቅ ይገዛል። በአንጎል ውስጥ ስቴንት የሚዘረጋ ሐኪም ግን ልኩን ከሳተ የሚበላሸው ጨርቅ አይደለም፤ የሰው ንግግር፣ የሰው እጅና እግር፣ አንዳንዴም ሕይወቱ ነው። በመሆኑም በቅርብ ዓመታት አንድ አዲስ ዘዴ ወደ ሕክምናው ገብቷል። ሐኪሙ የበሽተኛውን የደም ሥር ቅጂ በኮምፒዩተር ውስጥ ሠርቶ፣ ስቴንቱን በመጀመሪያ በቅጂው ላይ ዘርግቶ ይመለከታል። ይህ አስመስሎ የመሥራት ዘዴ «ሲሙሌሽን» ይባላል።

ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጠቅም፣ የት ላይ እንደሚያበቃና አንድ ሙስሊም ቤተሰብ እንዴት ሊመለከተው እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ እንቃኛለን። (የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እብጠቱ ምንድን ነው?

በሕክምናው ዓለም «አኑሪዝም» ተብሎ የሚጠራው ይህ እብጠት የሚፈጠረው በአብዛኛው የአንጎል ደም ቅዳ ሥሮች በሚታጠፉበት ወይም ወደ ሁለት በሚከፈሉበት ቦታ ላይ ነው። ወንዝ በሚታጠፍበት ቦታ ዳርቻውን እየቦረቦረ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የደም ፍሰትም በነዚህ ቦታዎች ግድግዳውን ይበልጥ ይፈትነዋል። ግድግዳው እየሳሳ ሲሄድ እንደ ፊኛ ይወጣል።

በጥናቶች እንደተገመተው ከ100 አዋቂዎች መካከል 3 ያህሉ እንዲህ ያለ እብጠት በአንጎላቸው ውስጥ አለ። ይህን ቁጥር አንብቦ የሚደነግጥ ሰው አይኑር! ከነዚህ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ እብጠቱ ሳይፈነዳ ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ። ብዙዎቹም መኖሩን የሚያውቁት ለሌላ ጉዳይ የሲቲ ስካን ወይም የኤም አር አይ ምርመራ ሲያደርጉ በአጋጣሚ ነው። እብጠቱ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይበዛል። ሲጋራ ማጨስ፣ የደም ግፊት፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ በሽታ መኖርና በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት ከረጢቶች በሽታ አደጋውን ከፍ ያደርጋሉ።

እብጠቱ ሲፈነዳ ደሙ በአንጎል ዙሪያ ይፈሳል። ይህ ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ከሲሶ ያላነሱት ይሞታሉ፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ይቀርባቸዋል።

መንካት ወይስ መተው?

ለቤተሰብ ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ሳይፈነዳ የተገኘ እብጠት ሲኖር ነው። ሰውየው ሥራውን ይሠራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል፣ ምንም አያመውም። «አንጎልህ ውስጥ እብጠት አለ» ሲባል ግን ቤቱ በሙሉ ይናወጣል። ይታከም ወይስ ይተው?

በ2003 የወጣ ከ4,000 በላይ በሽተኞችን ያካተተ ዓለም አቀፍ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ጠቃሚ መረጃ ሰጥቷል። በአንጎል የፊት ክፍል በሚገኙ ዋና ዋና ሥሮች ላይ ከ7 ሚሊሜትር ያነሰ እብጠት ኖሯቸው ከዚያ በፊት የፈነዳ እብጠት ካልነበራቸው ሰዎች መካከል በ5 ዓመት ውስጥ የፈነዳበት አልተገኘም። ከ7 እስከ 12 ሚሊሜትር በሆነው ላይ 2.6 በመቶ፣ ከ13 እስከ 24 በሆነው ላይ 14.5 በመቶ፣ ከ25 ሚሊሜትር በላይ በሆነው ላይ ደግሞ 40 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። በአንጎል የኋላ ክፍል የሚገኙ እብጠቶች ከዚህ የባሰ አደጋ አላቸው። በ2012 የወጣው ትልቅ የጃፓን ጥናት በበኩሉ የመፈንዳት አደጋው በአማካይ በዓመት 1 በመቶ አካባቢ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ ሚዛኑ እዚህ ላይ ነው። መተው የራሱ አደጋ አለው፤ ማከምም የራሱ አደጋ አለው። ሕክምናው ራሱ ከመቶ ጥቂቶችን የሚጎዳ ከሆነ፣ የመፈንዳት ዕድሉ እጅግ አነስተኛ የሆነን እብጠት መንካት ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? በሌላ በኩል የሕክምናውን አደጋ መቀነስ ከተቻለ ሚዛኑ ይለወጣል። በኮምፒዩተር ቀድሞ መለማመድ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሕክምናውን የሚጎዳ ስሕተት ከበሽተኛው ላይ አንስቶ ወደ ቅጂው ማዛወር።

ከቀዶ ሕክምና እስከ ሽቦ መረብ

ስለ ደም ቅዳ ሥር እብጠት መጻፍ የጀመሩት የዛሬ ዘመን ሐኪሞች አይደሉም። በ1013 አካባቢ ያረፈው የአንደሉሱ ታላቅ ቀዳጅ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ፣ «አት-ተስሪፍ» በተሰኘው መጽሐፉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ስለዚህ ዓይነት እብጠት ጽፏል። ነገር ግን የራስ ቅል ውስጥ ያለውን ሥር ለማየት ከዚያ በኋላ ዘጠኝ መቶ ዓመታት ያህል መጠበቅ ግድ ሆኗል።

በ1927 ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ በደም ሥር ውስጥ ቀለም በመስጠት የአንጎልን ሥሮች በራጅ ማየት ቻለ። ይህ ምርመራ አንጂዮግራፊ ይባላል። በ1937 አሜሪካዊው ዋልተር ዳንዲ የራስ ቅልን ከፍቶ የእብጠቱን አንገት በትንሽ የብረት መቆንጠጫ ዘጋ። ከ1990 ጀምሮ ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ይሠራ የነበረው ጣሊያናዊው ጊዶ ጉግሊየልሚ፣ ራስ ቅል ሳይከፈት በብሽሽት ደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) እስከ አንጎል በማድረስ፣ እብጠቱን በለስላሳ የፕላቲኒየም ጥቅል ሽቦ የመሙላት ዘዴ አመጣ። በ2002 ከ2,100 በላይ የፈነዳባቸው በሽተኞች የተካፈሉበት ጥናት፣ በሁለቱም ዘዴ ሊታከሙ ለሚችሉት በሽተኞች ሽቦ መሙላቱ ከአንድ ዓመት በኋላ የተሻለ ውጤት እንደነበረው አረጋገጠ። ሞት ወይም የሰው ጥገኛ መሆን የደረሰባቸው በሽቦ ከታከሙት 23.7 በመቶ ሲሆኑ፣ ራስ ቅላቸው ተከፍቶ ከታከሙት ደግሞ 30.6 በመቶ ነበሩ።

አንገታቸው ሰፊ ለሆኑ ትላልቅ እብጠቶች ግን ሽቦ መሙላቱ አስቸጋሪ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ እብጠቱን መሙላት ሳይሆን፣ ደሙን ከእብጠቱ ማራቅ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ስቴንት እንደ ሹሩባ ከተጎነጎኑ፣ ከሰው ፀጉር ከማይወፍሩ ሽቦዎች የተሠራ ነው። በ2011 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተፈቀደው «ፓይፕላይን» የተባለው ስቴንት 48 ሽቦዎች አሉት። በእብጠቱ አንገት ላይ ሲዘረጋ እንደ ወንፊት ሆኖ ወደ እብጠቱ የሚገባውን ደም ያዘገየዋል። የዘገየው ደም በሳምንታትና በወራት ውስጥ በእብጠቱ ውስጥ ይረጋል፤ በወንፊቱ ላይ አዲስ የሥር ሽፋን ይበቅላል፤ እብጠቱም እየሟሸሸ ይሄዳል። ስቴንቱ ያቋረጣቸው ጤነኛ ቅርንጫፍ ሥሮች ደግሞ በአብዛኛው ክፍት ሆነው ይቆያሉ፤ ምክንያቱም ከበስተጀርባቸው ያለው የአንጎል ክፍል ደምን ዘወትር ስለሚስብ ነው። የአላህ አሠራር ምንኛ ረቂቅ ነው!

ፓይፕላይን ከመፈቀዱ በፊት 108 ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት፣ ከታከሙት እብጠቶች 73.6 በመቶ የሚሆኑት በ6 ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተዘግተዋል። 5.6 በመቶ በሆኑት ሰዎች ላይ ግን ከባድ ስትሮክ ወይም ሞት ደርሷል። ይህ ቁጥር ትንሽ ቢመስልም ከጀርባው አባትና እናት፣ ወንድምና እኅት አሉ።

ልኩን ማግኘት ለምን ከበደ?

የሹራብ እጅጌ ወደ ጎን ሲለጠጥ ቁመቱ እንደሚያጥር፣ ሲጎተት ደግሞ እንደሚቀጥንና እንደሚረዝም ሁላችንም አይተናል። የተጎነጎነው ስቴንትም ጠባዩ እንዲሁ ነው። በጠባብ ካቴተር ውስጥ ታጥፎ ሲገባ ቀጭንና ረጅም ነው፤ በደም ሥሩ ውስጥ ሲከፈት ይሰፋል፤ ያጥራልም። ምን ያህል እንደሚያጥር የሚወሰነው በደም ሥሩ ስፋት ነው። የደም ሥሩ ስፋት ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው። ስለዚህ በፋብሪካው ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ርዝመትና ስቴንቱ በአንጎል ውስጥ የሚይዘው ርዝመት አንድ አይደሉም።

ስቴንቱ ካጠረ የእብጠቱን አንገት በሙሉ አይሸፍንም። ከረዘመ ሳያስፈልግ የቀጫጭን ቅርንጫፍ ሥሮችን አፍ ይሸፍናል። ለሥሩ ከጠበበ ከግድግዳው ጋር አይገጥምም፤ በመካከሉ በሚቀረው ክፍተት ደም ሊረጋና ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ከሰፋ ደግሞ በሚገባ አይከፈትም። የተሳሳተው ወጥቶ ሌላ ሲገባ በሽተኛው በራጅ ጨረር ሥር የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ የሚሰጠው ቀለም ይጨምራል፤ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ዕቃም ይባክናል።

በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው የደም ሥር

ሲሙሌሽኑ የሚጀምረው በምስል ነው። የራጁ ክንድ በበሽተኛው ራስ ዙሪያ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ እየዞረ ብዙ ምስሎችን ያነሳል። ኮምፒዩተሩ እነዚህን ምስሎች አጋጥሞ የደም ሥሩን ከፊትም ከኋላም፣ ከላይም ከታችም ሊታይ በሚችል ቅርጽ ይሠራዋል። ይህ የሌላ ሰው ወይም የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል አይደለም፤ የዚያው በሽተኛ የራሱ ሥር ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው የልክ ሥራ ነው። ሐኪሙ ከፋብሪካው ዝርዝር ውስጥ አንድ ስቴንት ይመርጥና በቅጂው ውስጥ ይዘረጋዋል። ፕሮግራሙ የሽቦዎቹን ጠባይ አስልቶ፣ ስቴንቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃና በየትኛው ቦታ ከግድግዳው ጋር እንደማይገጥም ያሳየዋል። ካልተስማማው ሌላ መጠን ይሞክራል። አምስት ጊዜ ቢሞክር የሚጎዳ ሰው የለም። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ከምርምር ቤት ወጥተው በሆስፒታሎች አገልግሎት ላይ ውለዋል። በፈረንሳይ አገር በሞንፔሊዬ ከተማ የተቋቋመው «ሲም ኤንድ ኪዩር» የተባለው ድርጅት በዚህ ሥራ ከሚታወቁት አንዱ ነው።

ሁለተኛው የፍሰት ሥራ ነው። ይህኛው ከበድ ይላል። የደም ሥሩ ውስጥ በሚሊዮን ወደሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፋፈላል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ደሙ በምን ፍጥነትና ግፊት እንደሚሄድ፣ ግድግዳውንም እየታከከ ሲያልፍ ምን ያህል ኃይል እንደሚያሳድርበት ይሰላል። ስሌቱ የሚመሠረተው ፈረንሳዊው ናቪየርና አየርላንዳዊው ስቶክስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባዘጋጇቸው የፈሳሽ እንቅስቃሴ ቀመሮች ላይ ነው። የውኃ መሐንዲስ ስለ ግድብ፣ የአውሮፕላን መሐንዲስ ስለ ክንፍ የሚያሰላው በነዚሁ ቀመሮች ነው። ስቴንቱ ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ያለው ፍሰት ሲነጻጸር፣ እብጠቱ ውስጥ የሚሽከረከረው ደም ይበቃ ዘንድ ቀዝቅዟልን? የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ይረዳል።

እዚህ ላይ ወጣቶች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኮምፒዩተሩ ደረጃ በደረጃ የሚከተለው የስሌት ሥርዓት «አልጎሪዝም» ይባላል። ቃሉ የመጣው በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ከኖረው የሒሳብ ሊቅ ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው። ይህን የምናነሳው በአያቶቻችን ለመኩራራት አይደለም። ዕውቀት አደራ ተቀብሎ አደራ የሚያስተላልፍ ሰው እንደሚፈልግ ለማስታወስ ነው።

ሰው ሳይነካ የተደረገ ጥናት

በ2021 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሌሃንድሮ ፍራንጊ የተመራ ቡድን አንድ አስገራሚ ጥናት አውጥቷል። ቡድኑ 82 የተለያዩ የደም ሥር ቅርጾችን በኮምፒዩተር ውስጥ አዘጋጅቶ፣ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ በጤናማ የደም ግፊት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በከፍተኛ የደም ግፊት በመመልከት 164 «ምናባዊ በሽተኞችን» አከመ። ሁሉም ስቴንት ተዘረጋላቸው፤ የደማቸውም ፍሰት ተሰላ።

ውጤቱም በ82.9 በመቶ ላይ ስቴንቱ ፍሰቱን በበቂ ሁኔታ መቀነሱን አመለከተ። ቀደም ሲል በእውነተኛ በሽተኞች ላይ የተደረጉ ሦስት ጥናቶች ያስመዘገቡት 86.8፣ 74.8 እና 76.8 በመቶ ነበር። የምናባዊው ጥናት ቁጥር በነዚህ መካከል ማረፉ ነው ብዙዎችን ያስገረመው።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግኝት ነው። ከእብጠቱ አጠገብ ቅርንጫፍ ሥር የወጣ እንደሆነ፣ ወይም በሽተኛው የደም ግፊት ያለበት እንደሆነ፣ ስቴንቱ የሚፈለገውን ያህል ላይሠራ እንደሚችል ታይቷል። አንድን ሰው አንድ ጊዜ በጤናማ ግፊት፣ አንድ ጊዜ በከፍተኛ ግፊት ማከም በእውነተኛው ዓለም የማይቻል ነው። በኮምፒዩተር ግን ተቻለ።

ስሌቱ የማያየው

ይህ ሁሉ ሲባል ግን አንባቢ ኮምፒዩተሩን ከስሕተት የጸዳ አድርጎ እንዳያስብ እናሳስባለን። በ2015 ከ20 በላይ የምርምር ቡድኖች የአምስት እብጠቶች ተመሳሳይ ምስሎች ተሰጥተዋቸው፣ ደሙ በግድግዳው ላይ የሚያሳድረውን ኃይል እንዲያሰሉ ተጋብዘው ነበር። ምስሉ አንድ ሆኖ ሳለ መልሳቸው እርስ በርሱ በሰፊው ተለያየ። ምክንያቱም እያንዳንዱ ቡድን የሥሩን ዳር የለየበት፣ የደሙን መጠን የገመተበት መንገድ የተለያየ ነበር።

ከዚህም ሌላ በምስል ላይ የሚታየው የእብጠቱ ቅርጽ እንጂ የግድግዳው ጥንካሬ አይደለም። የትኛው ቦታ እንደ ወረቀት እንደሳሳ ኮምፒዩተሩ በእርግጠኝነት አያውቅም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀምበት የደም ፍሰት መጠንም ከበሽተኛው የተለካ ሳይሆን ከሌሎች ሰዎች የተወሰደ አማካይ ነው። ደም በእብጠቱ ውስጥ መቼና እንዴት እንደሚረጋ መገመትም አስቸጋሪ ነው። ሌላው ቀርቶ ግድግዳውን ይበልጥ የሚጎዳው ኃይለኛ የደም መታከክ ነው ወይስ ደካማ? በሚለው ላይ እንኳ ተመራማሪዎች ሲከራከሩ ቆይተዋል። በ2014 በአሜሪካ የበፋሎ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ሁዊ ሜንግና ባልደረቦቿ፣ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ሊጎዱ እንደሚችሉ በመግለጽ ሐሳቦቹን ለማስታረቅ ሞክረዋል።

ስለዚህ የልክ ሥራው ዛሬ ሐኪሙን በተግባር ይረዳዋል። የፍሰቱ ሥራ ግን በአብዛኛው ገና በምርምር ደረጃ ያለ ነው። «ይህ እብጠት በዚህ ቀን ይፈነዳል» ወይም «ፈጽሞ አይፈነዳም» የሚል ኮምፒዩተር የለም።

ይህ ሩቁን ማወቅ ነውን?

አንዳንድ ወገኖች «ገና ያልሆነን ነገር በኮምፒዩተር መተንበይ በሩቅ ምስጢር (ገይብ) ውስጥ መግባት አይሆንም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከኢማን የመነጨ በመሆኑ መልስ ሊሰጠው ይገባል። በየመስጊዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሶላት ሰዓት መቁጠሪያ ከወራት በፊት የተሰላ ነው። ፀሐይ በዚያ ቀን መቼ እንደምትጠልቅ ያሰላው ሰው ገይብን አውቄያለሁ አላለም፤ አላህ ለፀሐይ የደነገገውን ቋሚ ሥርዓት ተከትሎ ቆጠረ እንጂ። ደምም የሚፈሰው አላህ በፈጠረው ሥርዓት ነው። ያንን ሥርዓት አጥንቶ ማስላት ሰበብ ማድረስ ነው። ልዩነቱ የፀሐይ ስሌት የተረጋገጠ ሲሆን የደሙ ስሌት ግምት መሆኑ ነው። ግምትን እንደ እርግጥ አድርጎ የሚናገር ሰው ግን ሐኪምም ቢሆን መሐንዲስ ከልኩ አልፏል።

ሌሎች ደግሞ «ቀደር ከሆነ ለምን እንለፋለን? በአላህ ተመክተን እንተወው» ይላሉ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት ነበር ያመለከቱት። ሕክምናን እንድንፈልግም አስተምረውናል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱን በሰሙ ጊዜ ያደረጉትም ትልቅ ትምህርት ነው። በመጀመሪያ ሰዎችን ሰብስበው ተማከሩ፤ ከዚያም ለመመለስ ወሰኑ። ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ሽሽቱም ራሱ ወደ አላህ ቀደር መሆኑን አስረዱ። መማከር፣ መረጃ መሰብሰብ፣ መወሰን፣ ከዚያም በአላህ መመካት — መንገዱ ይህ ነው።

በመሆኑም ሐኪሙ ስቴንቱን ከመዘርጋቱ በፊት በቅጂው ላይ አሥር ጊዜ ቢለካ ተወኩሉን አላጎደለም፤ አማናውን ጠበቀ እንጂ። አንዲትን ነፍስ ማዳን በአላህ ዘንድ ያለው ክብደት ምን ያህል እንደሆነ በሱረቱል ማኢዳህ 32ኛ አንቀጽ ላይ ተመልክቷል።

ቤተሰብ ምን ይጠይቅ?

እንዲህ ያለ እብጠት በቤተሰባቸው የተገኘባቸው ወገኖች ሐኪሙን ለመጠየቅ ሊያፍሩ አይገባም። የሚከተሉት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ፦

1. እብጠቱ ስንት ሚሊሜትር ነው? የሚገኘውስ በየትኛው ሥር ላይ ነው?
2. ሳይታከም በየጊዜው እየታየ ቢቆይ አደጋው ምን ያህል ነው? ቢታከምስ?
3. ለዚህ በሽተኛ የሚሻለው መቆንጠጫው፣ ሽቦ መሙላቱ ወይስ ስቴንቱ ነው? ለምን?
4. የስቴንቱ ልክ እንዴት ይመረጣል? በኮምፒዩተር ቀድሞ ይሞከራልን?
5. ከሕክምናው በኋላ መድኃኒት ለምን ያህል ጊዜ ይወሰዳል?

አምስተኛው ጥያቄ ትኩረት ይሻል። ስቴንት የተደረገለት ሰው ደሙ በሽቦው ላይ እንዳይረጋ አብዛኛውን ጊዜ ለወራት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል የተባሉ መድኃኒቶችን ይወስዳል። ኮምፒዩተሩ የስቴንቱን ልክ በትክክል ቢያገኝም በሽተኛው መድኃኒቱን ካቋረጠ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ረመዷን ሲገባ «ጾሜ እንዳይበላሽ» ብለው መድኃኒት የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ብዙውን ጊዜ የመውሰጃውን ሰዓት በሐኪም ምክር ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ማዛወር ይቻላል፤ መጾም የሚጎዳው በሽተኛ ደግሞ አላህ ፈቃድ ሰጥቶታል። ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሐኪምንም ዓሊምንም ማማከር ይገባል።

ራስ ምታት ሁሉ የአንጎል ሥር እብጠት አይደለም። ነገር ግን በድንገት፣ በአንድ አፍታ የሚጀምርና ሰውየው በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ኃይለኛ ራስ ምታት፤ ከዚህም ጋር ማስመለስ፣ የአንገት መገተር፣ ብርሃን መፍራት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ ወይም ራስን መሳት ከታየ፣ ሳይውል ሳያድር፣ «ትንሽ ይተኛና ይሻለዋል» ሳይባል ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ከቅርብ ዘመዶቻቸው መካከል ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ይህ በሽታ የተገኘባቸው ደግሞ ስለ ምርመራ ሐኪም ቢጠይቁ መልካም ነው። ሲጋራን መተው፣ የደም ግፊትን መለካትና መቆጣጠር፣ ግፊትን ከፍ ከሚያደርገው ከጫት መራቅ የማንኛውም ቤተሰብ ድርሻ ነው። ለዚህ ኮምፒዩተር አያስፈልግም።

ለወጣቶች

ኢማም አል-ገዛሊ ከ900 ዓመታት በፊት ሕክምናና ሒሳብ የኅብረተሰቡ የጋራ ግዴታ (ፈርዱል ኪፋያ) መሆናቸውን ጽፈዋል። ከመካከላችን የሚበቁ ሰዎች ከወጡ ከሁላችን ላይ ይወርዳል፤ ማንም ካልተነሳ ሁላችንም እንጠየቅበታለን። ከላይ ያየነው ሥራ የሐኪም ብቻ አይደለም። የሒሳብ ተማሪ፣ የፊዚክስ ተማሪ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ የብረታ ብረት መሐንዲስ ሁሉም እጃቸውን አኑረውበታል። ዛሬ በክፍል ውስጥ የፈሳሽ ግፊትን ቀመር «ለምን ይጠቅመኛል?» እያለ የሚማር ወጣት፣ ነገ በዚያው ቀመር የአንዲት እናት ንግግር እንዳይጠፋ ሰበብ ሊሆን ይችላል። ኒያውን ካስተካከለ የሚያነበው መጽሐፍ፣ የሚያሰላው ሒሳብ ዒባዳ ይሆንለታል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለበሽተኞቻችን ሺፋውን፣ ለሐኪሞቻችን ጥበቡንና ጥንቃቄውን፣ ለቤተሰቦቻችን ሰብሩን፣ ለወጣቶቻችንም ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።